የመቀናጆ ጠመንጃ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ የጠመንጃ ዘይት መሽተቱን ተወ። ባለቤቴ ደስ ብሏታል። ዕድሜዋን ሙሉ "እጅህን በደንብ ታጠብ" ስትለኝ ኖራ፣ አሁን እንዲያው አለቅልቄ ማዕድ ብቀርብ እንኳ ምንም አትልም። እኔን ግን ሽታው ይናፍቀኛል። አንዳንድ ቀን ከሸዋ ሮቢት አስፋልት ዳር፣ የከባድ መኪና ጠጋኞቹ ዘንድ ሄጄ ዝም ብዬ እቆማለሁ። የእነሱ ዘይት ሽታው ሌላ ነው፤ ቢሆንም ከምንም ይሻላል። ልጆቹ መጀመሪያ ላይ "አባት፣ ምን ፈልገው ነው?" ይሉኝ ነበር፤ አሁን ለምደውኝ መቀመጫ ይሰጡኛል።

የፖሊስ መሣሪያ ጠጋኝ ነበርኩ። ሸዋ ሮቢት ጀመርኩ፣ አጣዬ ሠራሁ፣ ማጀቴ ሠራሁ፣ ተመልሼ እዚሁ ሸዋ ሮቢት ጨረስኩ። ስለ ደሞዙ የማወራው የለኝም፤ ልጆቼን አሳድጎልኛል። መንግሥት የቀጠረኝ ጠመንጃ እንድጠግን ነው። ሕዝቡ ግን ያለማንም ፈቃድ ሌላ ሥራ ጨመረልኝ፤ ጠመንጃ መምረጥ። ፈቃድ ያወጣ ገበሬ ሁሉ፣ ፈቃዱን በኪሱ ይዞ፣ በበሩ ብቅ ይልና አንድ ዓይነት ነገር ይለኛል፤ "ጋሼ ደረጀ፣ ቤቴን የምጠብቅበት አንድ ነገር ልገዛ አስቤ ነበር፤ እጄ ግን አጠር ብሏል። ምን ይሻለኛል?" አጣዬም ማጀቴም ቢሆን ያው ነው። ክፉው ጊዜ መጥቶ፣ በግጭቱ የሰው ቤት ከተቃጠለ በኋላማ ጠያቂው በዛ። ቤቱን ሲጠብቅ ማደር የማይፈልግ ማን አለ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የተማርኩት ከአንድ ሰው ነው። ጋሼ ይማም ይባላሉ። ሸዋ ሮቢት ስቀጠር የጥገናው ክፍል ኃላፊ እሳቸው ነበሩ፤ ክፍል ማለቴ ከጣቢያው ጀርባ ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት። ቆላውን ለማያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገር። እኩለ ቀን ላይ ብረት የምናስርበትን ሞርሳ በባዶ እጅ መንካት አይቻልም። ጆንያ ውሃ ነክረን በሩ ላይ እንሰቅላለን፤ ጆንያው ሲደርቅ እንደገና እንነክራለን፤ የሥራ ቀናችንን የምንቆጥረው በጆንያው ነበር። ጋሼ ይማም አርጎባ ናቸው። እምቢ ያላቸው ብረት ሲያጋጥማቸው በአርጎብኛ የሆነ ነገር ያጉረመርማሉ። ምን ማለት እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። "ለብረቱ ነው የነገርኩት፤ አንተን ምን አገባህ?" አሉኝ።

ሰው ጠመንጃ ሊያስመርጥ ሲመጣ ጋሼ ይማም ጠመንጃውን አይነኩትም። መጀመሪያ ሰውየውን ያስቀምጡታል። ከዚያ ስለ ቤቱ ይጠይቁታል። ግድግዳው ጭቃ ነው ወይስ ብሎኬት? ከግድግዳው ወዲያ ማን ይተኛል? በሩ ወደ የት ይከፈታል? መወርወሪያው ደህና ነው? ውሻ አለህ? ሰውየው ጠመንጃ ሊያሳይ መጥቶ ስለ በር መወርወሪያ ሲጠየቅ ግራ ይገባዋል። እሳቸው ግን መወርወሪያው ልል የሆነውን ሰው "በል መጀመሪያ እሱን አሠርተህ ና" ብለው የመለሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ጭቃ ግድግዳ ጥይት እንደማያቆም ሲነግሩት ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ የሚተኛውን ሰው የሚያስበው ያን ጊዜ ነው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጠመንጃውን ይቀበላሉ። ጥይት አለመኖሩን በዓይናቸውም በጣታቸውም ያረጋግጣሉ። አፈሙዙን ያሸቱታል። ከዚያ ከኋላ በኩል የአውራ ጣታቸውን ጥፍር ያስገቡና ወደ በሩ ብርሃን ዞረው በአፈሙዙ ያያሉ፤ ብርሃኑ ጥፍራቸው ላይ አርፎ የብረቱን ውስጥ ወለል አድርጎ ያሳያቸዋል። የተበላ ይሁን፣ የዛገ ይሁን፣ ጤነኛ ይሁን ያን ጊዜ ያውቃሉ። ሰደፉን በጣታቸው አንጓ ያንኳኩታል፤ የተሰነጠቀ እንጨት ድምፁ የታፈነ ነው። ፊታቸው ላይ ግን ምንም አይነበብም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ የሚያብለጨልጭ ጠመንጃ ይዞ መጣ። ጋሼ ይማም በሸሚዛቸው ጫፍ ሲያብሱት ጨርቁ ጠቆረ፤ ለካስ የጫማ ቀለም ተቀብቶ ኖሯል። "ወንድሜ፣ ይሄን እንኳ እግርህ ላይ ብታደርገው ነው የሚሻል" ብለው መለሱለት። ሳቄን ለመደበቅ ጆንያ ልነክር ወጣሁ።

የእኛ አገር ሰው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጠመንጃውን ቅቤ ይቀባዋል። ለሙሽራ የሚደረገው ሁሉ ለጠመንጃም ይደረጋል። ሰደፉን ብቻ ቢቀባው ግድ የለም፤ ፍቅሩ ሲጸናበት ሆዱ ውስጥ ሁሉ ያፈስበታል። በቆላ ሙቀት ቅቤው ይቀልጣል፣ የማሽላ ገለባና አቧራ ይሰበስባል፣ ሲቀዘቅዝ ይጋገራል። አይጥ ደግሞ በቅቤው ሽታ መጥታ ማንገቻውን ትበላለች። ስንቱን ጠመንጃ በሙቅ ውሃ አጥበናል! ክፍላችን አንዳንድ ቀን የጥገና ቤት መሆኑ ቀርቶ ወጥ ቤት ወጥ ቤት ይሸት ነበር።

ገንዘብ ያጠረው ሰው የሚሳሳተውም ሁሌ ያው ነው። አያቱ የታጠቁትን ዓይነት ምንሽር በርካሽ ያገኝና ይደሰታል። ጠመንጃው በእርግጥ ያምራል፤ ጥይቱ ግን ከገበያ ከጠፋ ዘመን አልፎታል። ጋሼ ይማም "መጀመሪያ ጥይቱን አግኝ፣ ከዚያ ጠመንጃውን" ይሉት ነበር። ሌላው ከነጭራሹ ሽጉጥ ይፈልጋል፣ በወገቡ ሽጦ ገበያ ሊወጣ። እሱን "ቤትህ ገበያ ውስጥ ነው እንዴ?" ብለው ነው የሚጠይቁት። ለቤት የሚሆነው ያልተበላ፣ ጥይቱ የሚገኝ፣ ቤት የምትውለው ሴትም ልትይዘው የምትችል መሆን አለበት ይላሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ።

አበራ የሚባል ሽንኩርት አልሚ ነበር። ሮቢ ወንዝ ዳር፣ አባታቸው የተዉላቸውን መሬት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ለሁለት ያለማሉ። እናታቸው ከእነሱ ጋር ይኖራሉ። ሌቦች የደረሰ ሽንኩርቱን ነቅለው ወሰዱበትና ጠመንጃ ፈለገ። እጁ ያጠረ፣ ሥራ ወዳድ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጋሼ ይማም ወደዱት። የሚሸጥ ጠመንጃ ባለበት ሁሉ አብረውት ዞሩ፤ ይሄ ተበልቷል፣ ያኛው ጥይት ይነክሳል እያሉ መለሱ። በመጨረሻ አንድ አገኙለት። ሰደፉን ለክንዱ ልክ ራሳቸው ሞርደው አስተካከሉለት። ሲያስረክቡት "ደረጀ፣ እንዲህ ያለ ጤነኛ ነገር በዚህ ዋጋ አግኝቼ አላውቅም" አሉኝ። ደስታቸው ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን ምሳ ጋበዙኝ።

ቀጣዩ ሽንኩርት ሳይነሳ አበራ ወንድሙን ገደለ። ነገሩ የመስኖ ተራ ነው። ታናሽየው ተራው ሳይደርስ ውሃውን ወደ መደቡ መለሰ፤ ተሰዳደቡ፤ አበራ ሮጦ ቤት ገባ፤ ይዞ ወጣ። ሌላ የሚባል ነገር የለውም። አስታራቂ ለመጥራት እንኳ ጊዜ አልነበረም፤ ጠመንጃው ቅርብ ነበር፣ ጥይቱ ውስጡ ነበር፣ ጤነኛ ነበር።

ወሬውን የሰማነው ክፍላችን ውስጥ ሆነን ነው። ጋሼ ይማም ሞረዱን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። ወጥተው ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጡና የአሱር ሰላት እስኪደርስ አልተነሱም። እኔም ጆንያውን መንከሩን ረሳሁት።

ቆይቶ አገር ሽማግሌዎች ደሙን ለማድረቅ ሲቀመጡ ጋሼ ይማም "አብረኸኝ ና" አሉኝ። ማንም አልጠራቸውም። ሄደው ለገዳዩ ምሕረት ከሚለምኑት ዘመዶች ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ "ጋሼ ይማም፣ እርስዎ በየት በኩል ነው የሚዛመዱት?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አልዛመድም። ጠመንጃውን የመረጥኩለት እኔ ነኝ" አሉ።

የሁለቱም እናት እዚያው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀምጠዋል፤ አንዱን ልጅ ቀብረው፣ ለሌላው ምሕረት ሊለምኑ የመጡ እናት ናቸው። ቀና ብለው ጋሼ ይማምን አዩዋቸው።

"ጥሩ ነበር ወይ ጠመንጃው?" አሏቸው።

"ወላሂ፣ ጥሩ ነበር።"

"ምነው የማይተኩስ በመረጡለት" አሉ እናትየው። ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም። እሳቸው እንደዚያ ሲሉ ጋሼ ይማም ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ እኔም ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ጋሼ ይማም አንድ ጥያቄ ጨመሩ። ስለ ግድግዳው፣ ስለ በሩ፣ ስለ ውሻው ከጠየቁ በኋላ "እዚህ ቤት ቶሎ የሚቆጣው ማነው?" ይላሉ። ጥያቄውን ለብቻው ለመጣ ወንድ አይጠይቁም፤ "ሚስትህን ይዘህ ና፣ ወይ እናትህን" ይላሉ። ብዙው ተቀይሞ ሄዷል። "ጠመንጃ ልገዛ መጣሁ እንጂ ንስሐ ልገባ ነው እንዴ?" ያለም አለ። እሳቸው ግን አልተዉም። ሴቶቹ አብዛኛውን ጊዜ አይመልሱም፤ መሬት ያያሉ። ጋሼ ይማም መልሱን የሚያገኙት ከዚያ ነው።

የመቀናጆውን ነገር ያመጡትም በዚያው ሰሞን ነው። ሁለት ጎረቤታሞች፣ አንዱ ክርስቲያን አንዱ ሙስሊም፣ እያንዳንዳቸው ለየራሳቸው የሚገዙት ፈልገው መጡ። ሁለቱም በያዙት ገንዘብ የሚያገኙት ቆሻሻ ብቻ ነው። ጋሼ ይማም አዩአቸውና "በሬ ሲጎድላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?" አሉ።

"እንቀናጃለን" አሉ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሰዎች አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ፤ አገሩ ሁሉ የሚኖረው እንደዚያ ነው።

"እንግዲያው ተቀናጁ። አንድ ደህና ግዙ። ጠመንጃው ያንተ ቤት ይደር" አሉ አንዱን፤ ወደ ሌላው ዞረው፣ "ጥይቱ ያንተ።"

"ሌባ ቢመጣስ? ጎረቤቴን እስክጠራ ሌባው ቆሞ ሊጠብቀኝ ነው?" አለ አንዱ።

"ጎረቤትህን ስትጠራ ነው እኮ የሚሸሽህ!"

ሰዎቹ ሳቁ፤ ግን ሞከሩት። ፈቃዱ በአንዱ ስም ሆነ። የጣቢያው አዛዥ ሰማና ጋሼ ይማምን ጠርቶ "ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ፈሊጥ ነው?" አላቸው፤ ነገሩን ከሰማ በኋላ ግን "እኔ አልሰማሁም" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። ቀስ በቀስ በወረዳችን በቀወት ገጠሮች የመቀናጆ ጠመንጃ ተለመደ። ሌባ ሲመጣ ሁለት ቤት አብሮ ይነሳል። የተጣሉና ያፈረሱትም አሉ፤ ሁሉም ተሳካ አልልም። አላህ ይዘንላቸውና ጋሼ ይማም ካረፉ በኋላም እኔ በሄድኩበት ሁሉ፣ አጣዬም ማጀቴም፣ ይህንኑ ስመክር ኖርኩ። ለሰው መምከር ቀላል ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ነገሩ ወደ ቤቴ መጣ። የመጨረሻ ልጄ ሰናይት ናት። ባሏ ካሳሁን ከከተማው ዳር ሽንኩርትና ማሾ ያለማል። ደግ ነው፣ ታታሪ ነው፣ ለእኔም ለእናቷም የሚሰስተው የለም። የውሃ ሞተሩን ሰርቀውት ነበርና መጥቶ "ጋሼ፣ እርስዎ ለስንቱ መርጠዋል፤ ለእኔም አንድ ነገር ይምረጡልኝ። ሰናይት ብቻዋን ስትሆን ልቤ አያርፍም" አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ያን ዕለት እህል አልወረደልኝም። የካሳሁንን ቁጣ በሠርጉ ቀን አይቻለሁ፤ አንድ አስተናጋጅ ወጥ አፈሰሰ ብሎ ሲነሳ ሰው ይዞት ነው የተቀመጠው። ልጄን ከሌባ የምጠብቅበት ጠመንጃ ለልጄ የሚያሰጋ እንዳይሆን ፈራሁ።

በባጃጅ ቤታቸው ሄድኩ። ሰናይት ሙቀቱን አይታ ሀብሃብ ቆርሳ አቀረበችልኝ። እንደ ጋሼ ይማም ስለ ግድግዳው ጀመርኩ። ጭቃ ነው። ከወዲያ ማን ይተኛል? ሰይድና ዘይነባ፣ ጎረቤቶቻቸው። በሩን አየሁ፤ መወርወሪያውን ነቀነቅኩ። የምጠይቀው አልቆ ያቺ አንዲት ጥያቄ ቀረች። ስንቱን ባልና ሚስት ሳላፍር ጠይቄያለሁ፤ የዚያን ቀን ግን መወርወሪያውን ደግሜ ነቀነቅኩ።

"እዚህ ቤት ቶሎ የሚቆጣው ማነው?" አልኩ።

ሰናይት መሬት አየች።

የመለሰው ካሳሁን ነው።

"እኔ ነኝ፣ ጋሼ" አለ።

"እሷን ነክተሃት ታውቃለህ?"

"በእግዚአብሔር! ነክቻት አላውቅም። ይጠይቋት።"

"አልነካኝም፣ አባዬ" አለች ሰናይት። "ግን ሲቆጣ ዕቃ ይወረውራል። ሲወረውር ምን እንደያዘ አያይም።"

ካሳሁን ፊቱ ቀላ፤ ግን አልካደም። ስለዚህም ወደድኩት፤ ከድሮው ይልቅ ያን ቀን ወደድኩት። የአበራን እናት ነገር ነገርኩት፣ እሳቸው ያሉትን ቃል በቃል። እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ።

"እንግዲያው አትግዛ ነው የሚሉኝ" አለ።

"ግዛ። ከሰይድ ጋር ተቀናጅ። ጠመንጃው እዚህ፣ ጥይቱ እዚያ።"

"ከሰይድ ጋር እኮ አንነጋገርም!"

"ለምን?"

ካሳሁን ሲያቅማማ ሰናይት መለሰች። የዝናብ ውሃ ከእነሱ ግቢ እየወረደ የሰይድን ግድግዳ ሥር ይሸረሽራል። ሰይድ ቦይ ቆፍር አለው፤ ካሳሁን "የፈጣሪን ዝናብ እኔ አላዘነብኩት" ብሎ መለሰለት። ከዚያ ወዲህ ኩርፊያ ነው፤ ሴቶቹ ብቻ በአጥር ይነጋገራሉ።

"ጠመንጃ ከመግዛትህ በፊት ቦዩን ቆፍር" ብዬው ወጣሁ።

መቆፈር አለመቆፈሩን አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ሰናይት ደውላ "ና እይ" አለችኝ። ስደርስ ካሳሁን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ይቆፍራል። ሰይድ አጥሩ ጋ ቆሞ ትንሽ አየው፣ ገባ፣ አካፋ ይዞ ወጣ። "ወላሂ ካሳሁን፣ ቦዩን አጣመምከው። ውሃ እንዲህ አይሄድም፤ ልቀቅ እስቲ!" አለው። የታረቁት በዚሁ ነው፤ ሌላ ሽምግልና አልተደረገም። ከሰዓት በኋላ የመቀናጆውን ነገር ሳነሳ ሰይድ ወዲያው ተቀበለ። እሱም ሌባ ፈርቶ ኖሯል፤ ለብቻው መግዛት አቅቶት።

ጠመንጃውን እኔ መረጥኩ። ሰደፉ የተሰነጠቀ፣ ማንም የማያየው ክላሽ አገኘሁ። ሰው እንጨቱን አይቶ ያልፈዋል፤ እኔ ጥፍሬን አስገብቼ ወደ ብርሃን ስዞር ውስጡ እንደ ወተት ጥርስ ንጹሕ ነው። የዋንዛ እንጨት ፈልጌ አዲስ ሰደፍ ሠራሁለት፤ ሰናይትም እንድትይዘው አጠር አድርጌ። ያን ሰሞን እጄ እንደገና ዘይት ዘይት ሸተተ፤ ባለቤቴም "አረጀህ እንጂ አልተሻሻልክም" ስትለኝ ከረመች። እንዴት ደስ ይል ነበር!

ጠመንጃው ሰናይት ቤት ገባ። ጥይቱ ዘይነባ ሣጥን ውስጥ ገባ።

ወራት አለፉ። ባለፈው ሳምንት፣ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ካሳሁን ደወለ። ሰላምታውን አስረዘመው፤ ሰው ከባድ ነገር ሊናገር ሲል እንደሚያደርገው።

"ጋሼ፣ ትናንት ከሰዓት ሰይድ ዘንድ ጥይት ልጠይቅ ሄጄ ነበር" አለኝ።

ተነስቼ ቆምኩ። "ከዚያስ?"

"ደላላው በሽንኩርት ሚዛን አታሎኝ፣ ጭራሽ በሰው ፊት ሌባ ብሎ ሰድቦኝ ነበር። ጠመንጃውን ይዤ ሰይድ በር ላይ ቆምኩ። እሱም ለምን ፈለግከው ብሎ ጠየቀኝ።"

"ምን አልከው?"

"ለደላላው ነው ልለው አፈርኩ፣ ጋሼ። ዘይነባ ውሃ አምጥታ ሰጠችኝ። ጠጣሁና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።"

"ሰናይት ሰምታለች?"

"አባዬ ጋ ደውል ያለችኝ እሷ ናት" አለ።

ስልኩን ዘግቼ ተመልሼ ተቀመጥኩ። የአበራ እናት ከሞቱ ቆይተዋል። በሕይወት ቢኖሩ ግን ያን ዕለት በባጃጅም በእግሬም ብዬ ሮቢ ዳር እወርድ፣ ደጃቸው ላይ ቆሜም እነግራቸው ነበር፤ እማማ፣ የማይተኩስ መረጥኩ።